እትዬ መዝገብ የደበቀቻት ነጥብ

በጤና ጣቢያው ሁሉም እትዬ መዝገብ ይላታል። እውነተኛ ስሟን ከእህቷ በቀር የሚያስታውስ የለም። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ከሁሉም ቀድማ እየገባች የዕለቱን ባለቀጠሮ ታካሚዎች ስም ዝርዝር በየክፍሉ በር ላይ ስትለጥፍ ኖራለች። መጀመሪያ በእጇ ትጽፍ ነበር፤ ኮምፒውተር ሲመጣ ደግሞ በሁለት ጣቷ ፊደል እየለቀመች መተየብ ለመደች። ነርሶቹ ሲገቡ ዝርዝሩ ተለጥፎ ያገኙትና፣ እትዬ መዝገብ ባትኖር ምን ይውጠን ነበር ይላሉ። ይህን ለመስማት ስትል ጉንፋን ይዟት እንኳ ቀርታ አታውቅም።

ኋላ ኮምፒውተር የተማረች አንዲት ወጣት ተቀጠረች፤ ሁሉም የኮምፒውተሯ ልጅ ይላታል። ሦስት ወር ሳይሞላት፣ ዝርዝሩ በየማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን በራሱ እንዲታተም አደረገች።

በመጀመሪያው ቀን እትዬ መዝገብ ስትገባ ወረቀቱ ከማተሚያው ወጥቶ ገና ትኩስ ነው። ኮምፒውተሩ ግን እሷ ማታ እንደቆለፈችው የይለፍ ቃል እየጠየቀ ቆሟል። ልጅቷ የይለፍ ቃሌን ሰርቃለች ብላ ልታፋጥጣት ሄደች። ልጅቷ አልተቆጣችም።

«መቆለፍ እኮ ሰው እንዳይገባበት ነው እትዬ፤ እሱን ከሥራው አያግደውም። እስካላጠፉት ድረስ ሰዓቱ ሲደርስ ውስጥ ለውስጥ ይሠራል።»

«እኔ በሬን ቆልፌ ስወጣ፣ ሌላ ሴት ጓዳዬ ገብታ ታበስላለች በይኛ!»

ልጅቷ ሳቀች። እትዬ መዝገብ አልሳቀችም። የዚያን ዕለት ስትወጣ ቆልፋው አልበቃት ብሎ ሻርፗን ከላዩ ጣል አደረገችበት። ጠዋት ስትመጣ ሻርፑ እንዳለ ነው፤ ዝርዝሩም ታትሟል። ነርሶቹም ለእሷ ይሉት የነበረውን ቃል አንስተው፣ የኮምፒውተሯ ልጅ ባትኖር ምን ይውጠን ነበር አሉ። አንድ ቀን ጣቷን ማጥፊያው ላይ አሳርፋ መለሰችው።

የመለሰችው ደግነት ይዟት አይደለም፤ ልጅቷ የማታውቀው ነገር ስላላት ነው። ጆሯቸው የደከመ ታካሚዎች ስም አጠገብ፣ እትዬ መዝገብ በብዕሯ ትንሽ ነጥብ ታደርግ ነበር። ስም ጠሪዋ ነርስ ነጥቧን ስታይ ከበር ላይ አትጣራም፤ ተጠግታ ትከሻቸውን ትነካለች። ባለነጥቦቹ እነማን እንደሆኑ በቃሏ የያዘች ነርስ ግን የለችም። አዲሱ ዝርዝር ነጥብ የለውም። እትዬ መዝገብ አልተናገረችም። «ይታያል» አለች በሆዷ።

በሳምንቱ ጡረተኛው አናጺ መጡ። ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሃል ተክለው፣ ዓይናቸውን በሩ ላይ አድርገው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ነርሷ ሁለት ጊዜ ስማቸውን ጠራችና መልስ ስታጣ ወደ ቀጣዩ አለፈች። እትዬ መዝገብ በመስኮቷ ታያለች። ልትነሳ አለችና፣ ትንሽ ይቆይ፣ የልጅቷ ጉድ ይውጣ ብላ ተመልሳ ተቀመጠች። ከእሳቸው ኋላ የመጡት ሁሉ ገብተው ወጡ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ አዛውንቱ በቀስታ ወደ መስኮቷ ተጠጉ።

«ልጄ፣ ዛሬስ ረሳሽኝ?»

ነርሶቹ ቢወቅሷት ይሻላት ነበር። እጃቸውን ይዛ ሐኪሙ ዘንድ አስገባቻቸውና በቀጥታ ወደ ልጅቷ ሄደች። ስለ ነጥቧ አንድም ሳታስቀር ነገረቻት።

«ታዲያ ለምን ቀድመው አልነገሩኝም?» አለች ልጅቷ።

«ቀናሁብሽ።»

ልጅቷ ወንበር ሳበችላትና የባለነጥቦቹን ስም እንድትነግራት ጠየቀቻት። እትዬ መዝገብ አሥራ አንድ ሰው ከነሰፈራቸው በቃሏ ጠራችላት፤ የትኛው በግራ ጆሮው ትንሽ እንደሚሰማ ሳይቀር።

በማግስቱ ጠዋት ኮምፒውተሩ እንደተቆለፈ ነው። ወረቀቱም ትኩስ ነው። ከአናጺው ስም አጠገብ ነጥብ አለች፤ ድብልብል ያለች፣ ከእሷ ነጥብ ይልቅ የጠራች። እትዬ መዝገብ መነጽሯን አድርጋ ለረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ ብዕሯን አወጣችና በላይዋ ላይ ደግማ አጠቆረቻት።