የተቀደደው ብልጭልጭ ሸሚዝ

ሀዳር ሰፈር አውቶቡስ ስጠብቅ፣ አንዲት ልጅ ፀጉሯ ላይ የነፋችው ስፕሬይ ሸተተኝና ደም ትዝ አለኝ።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ማለቂያ ላይ ነው፤ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። እዚሁ ሀዳር፣ ዘፈን ወደሚደለቅበት ምድር ቤት ተደብቄ ገባሁ። ዘፋኙ ወንድ ሆኖ ፀጉሩን በስፕሬይ አቁሟል፣ ከንፈሩን ቀብቷል፣ ዓይኑን ተኩሏል፤ የለበሰው ብልጭልጭ የሴት ሸሚዝ ነው። ጊታሩ ጥርስ ያነቃንቃል፣ ልጆቹ በክርን ይደቋቆሳሉ። አንዱ ጠርሙስ ወርውሮ የዘፋኙን ግንባር ፈነከተው። ዘፋኙ ግን አላቆመም። ሸሚዙን እስከ እምብርቱ ቀደደና ደረቱን በጥፍሩ ቧጠጠ።

ይሄኔ አክስቴ የዝና ልትወስደኝ መጥታ ክንዴን ጨመደደችኝ። ጥፊዋን ስጠብቅ መድረኩን አየችና እጇ ላላ።

"ማን ሞቶበት ነው?" አለችኝ።

"ማንም አልሞተበትም አክስቴ፣ ሙዚቃ ነው። ፓንክ ይሉታል። ቤሰደር፣ እሺ፣ እንሂድ" አልኳት ዕብራይስጥ ቀላቅዬ።

"ሰው በደህናው ገላውን እንዲህ አይቧጥጥም።"

የአክስቴ ልጅ የሞተው ወደዚህ አገር ስንመጣ፣ ሱዳን መንገድ ላይ ነው። ሽፍታ እንዳይሰማን ብላ ሳታለቅስ ነው ቀብራው የመጣችው።

ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሸረጠች። በድራሙ ምት ደረቷን ደቃች፣ ጉንጮቿን እስኪደሙ ነጨች። ልጆቹ የምትጨፍር መስሏቸው አጨበጨቡላት።

ጠባሳው ዛሬም ጉንጯ ላይ አለ። ምንድን ነው ሲሏት፣ "ልጄን ያለቀስኩበት ነው" ትላለች።