በጸበሉ ጠርሙስ ውስጥ የነበረው

የፍልሰታ ጾም ነበር፣ ሐሙስ። እዚህ ጣሊያን አገር የምንከባከባቸው አሮጊት ሲኞራ ቤት ስለማድር የምለቀቀው ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ብቻ ነው። ከፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ ምስር ገዝቼ ልጄ ከጓደኛዋ ጋር ወደተከራየችው ክፍል ሄድኩ። ልጄ የለችም፤ ሥራ ላይ ናት አልኩ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጾሜን በጸበል ልፍታ ብዬ ራስጌዋ ከቅዱሱ ሥዕል ሥር ያስቀመጥኩላትን ጠርሙስ አነሳሁ። አማትቤ ተጎነጨሁ።

ጉሮሮዬን አቃጠለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ መጀመሪያ ኃጢአቴ ያቃጠለኝ ነው የመሰለኝ። ኋላ አሸተትኩት። ቮድካ ነው።

ለጨዋታ የሚጠጣ ሰው እንዲህ አይደብቅም። ጸበሉን ደፍታ እዚያ የሞላችው ማንም እንደማይነካባት ስለምታውቅ ነው።

ጓደኛዋ ከሥራ ገባች። ይቺን ልጅ አልወዳትም ነበር፤ ሳቋ ደረጃው ድረስ ይሰማል፣ የምትሠራው ባር ነው።

"አንቺ ነሽ ያስለመድሻት!" አልኳት።

"እኔ? እኔማ አንድ ቢራ ከቀመስኩ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል፣ ማዘር! ተደብቃ የምትጠጣው የእርስዎ አንገት ደፊ ናት።"

"ውሸታም!"

"ካልጠጣች ስልክ እንኳ አታነሳም። ሰው ፊት መቆም ትፈራለች። ስትጠጣ ግን ትቀልዳለች፣ ትዘፍናለች። አሎራ፣ እንግዲህ ማን ያቁማት?" ከዚያ ሳቋ ጠፋ። "ዛሬ እኮ ለአዲስ ሥራ ኮሎኪዮ ነበረባት፣ ቃለ መጠይቅ። ሄደች?"

ስልኳ ላይ ደወልን። የስልኩ ጥሪ ከመታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ተሰማ። በሩ ከውስጥ ተቆልፏል። ስገባ ከቤቱ ሌሎች ተከራዮች አንዱ ያለበት መስሎኝ አልፌው ነበር።

ጓደኛዋ በትከሻዋ ገጭታ ከፈተችው። ልጄ ኮሎኪዮ ልትሄድ የተኮሰችውን ሸሚዝ እንደለበሰች ወለሉ ላይ ተዘርራለች። ከንፈሯ ጠቁሯል። ጓደኛዋ በጎኗ አስተኛቻትና አምቡላንስ ልትጠራ ስልክ አወጣች። እኔ የጓደኛዋን እጅ ያዝኩ።

"ተይ! ፔርሜሶዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ እድሳት ላይ ነው። ሰካራም ናት ብለው ቢጽፉባትስ? ቄስ እንጥራ።"

"ማዘር፣ እየሞተች ነው! እጄን ይልቀቁኝ!"

ለቀቅኳት። ግን ወዲያው አይደለም። ምን ያህል እንደያዝኳት አላውቅም።

አምቡላንሱ ካደረሳት በኋላ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ተቀምጬ እንዴት እንዳሳደግኳት አሰብኩ። እዚህ የመጣችው በአሥራ አራት ዓመቷ ነው። ክፍል ውስጥ በጣሊያንኛዋ ሲስቁባት አልቅሳ ስትነግረኝ "ዝም በያቸው፣ ጨዋ ዝም ይላል" አልኳት። ዝም አለች። እንግዳ ሲመጣ ጥግ ይዛ ስትቀመጥ "እንዴት ያለች ጨዋ!" ይሉኛል፤ እኔም ደስ ይለኛል። ጨዋነት አልነበረም፣ ፍርሃት ነው። ፊደል እንኳ በወጉ ያልቆጠርኩ ሰው ብሆንም፣ የልጄን ፊት ማንበብ ነበረብኝ።

ስለ ፔርሜሶ የጠየቀን የለም። ስትነቃ ዓይኗን ከእኔ አዞረች።

"እማ፣ ሳልጠጣ ሰው ፊት መቆም አልችልም።"

"እኔ ፊትስ?"

"አንቺ ፊት ይብሳል።"

ይህን መስማት ከቮድካው ይልቅ አቃጠለኝ። እጇን ያዝኩ፣ አልነጠቀችኝም። ሐኪሟ ገብታ ትንፋሿን አዳመጠች። ከመጠጡ ለመላቀቅ ብዙ ጊዜ እንደሚወስድ፣ የሚረዷት ሰዎች ጋ እንደምትልካት ነገረችን። ልጄ "ቫ ቤኔ"፣ እሺ አለች፣ በቀጭን ድምፅ። ከዚያ ሐኪሟ ወደ እኔ ዞራ ከአደጋ ወጥታለች አለችኝ።

ልጄ አልሞተችም። ተርፋለች።