ያልጎበጠ ክር

ኢፍቱ ናዝሬት ገበያ ጀርባ ልብስ ሰፊ ናት። እሷ የሰፋችው ቀሚስ ወለንጪቲ ድረስ ሰርግ ይጨፈርበታል። ረጅም ናት፣ ቆንጆ ናት፣ በምላስም አትታማም። ዱከም ፋብሪካ የሚሠራው መካኒኩ ሁንዴ አንድ ቀን ሱሪ ሊያሳጥር መጣ፤ ከዚያ በኋላ ደህናውን ሱሪ ሁሉ እያሳጠረ ይመላለስ ጀመር። ቁርጭምጭሚቱ ሜዳ ላይ እስኪቀር!

አንድ ነገር ብቻ ነበር። ኢፍቱ የወር አበባ አይታ አታውቅም። እናቷ ዘርፉ ጠበሉንም ሥራ ሥሩንም ሞክራ ሲያቅታት ሐኪም ቤት ወሰደቻት። ምርመራው ሲያልቅ ዶክተር ሉሊት ሁለቱን አስቀምጣ በግልጽ ነገረቻቸው፤ ኢፍቱ ማህፀን የላትም፣ አትወልድም፤ ደሟ ውስጥ ደግሞ የወንድ የሚባለው ሆርሞን ሞልቷል።

«እና ወንድ ነኝ?» አለች ኢፍቱ።

«ማን አለሽ? ሆርሞን ብቻውን ምን ያመጣል! ሴል ውስጥ ተቀባይ የምንለው አለ። ሆርሞኑን ይይዝና ክር የመሰለው ዲኤንኤ ላይ ይወጣል፤ ክሩን ጨብጦ ያጎብጠዋል። ክሩ ሲጎብጥ የተጻፈበትን የሚያነቡት ይሰበሰባሉ፣ ወንድ የማድረጉ ሥራ ይጀመራል። ያንቺ ተቀባይ ግን ክሩን መጨበጥ አይችልም። ሆርሞኑ ዕድሜ ልኩን ቢጮህ ክርሽ አይጎብጥለትም። ሰውነትሽ ከእናትሽ ሆድ ጀምሮ የሄደው በሴት መንገድ ነው። ሴት ነሽ።»

ኢፍቱ ነገሩ ወዲያው ገባት። ጨርቁ ሳይታጠፍ ኪስ የሆነ ኪስ አይታ አታውቅማ! የዚያኑ ዕለት ለሁንዴ አንድም ሳትደብቅ ነገረችው። «እኔ የምፈልገው አንቺን ነው» አላት፤ ሽማግሌም ላከ።

ሽማግሌዎቹ በወጉ «ጥያቄያችን ሳይመለስ አንቀመጥም» ብለው ቆመው ለመኑ። የኢፍቱ ቤትም በወጉ «ልጅቷን እናማክር» ብሎ ቀጠሮ ሰጠ። እስከዚህ ድረስ እሰይ ነበር። ዘርፉ ግን የልጇ ነገር ሆዷን ቢበላት ለአንዲት ጎረቤት፣ ለአንዲት ብቻ፣ «ለማንም እንዳትነግሪ» ብላ አወራቻት። ወይ ጎረቤት! «የወንድ ሆርሞን አለባት» የተባለው ሰፈሩን ዞሮ «ወንድ ናት» ሆኖ ተመለሰ።

በቀጠሮው ቀን የሽማግሌዎቹ መሪ ጋሽ ሐዲስ ገና ከመግባታቸው ወንበር ስበው ቁጭ አሉ። ጓዳ ያለችው ኢፍቱ የወንበሩን ድምፅ ሰማች። መልስ ሳያገኝ የተቀመጠ ሽማግሌ ልመናውን ትቶታል ማለት ነው። ደሟ ፈላ። የምትታጭ ልጅ ጓዳ ትቆያለች የሚባለውን ወግ ወዲያ ብላ ወጣች።

«ጋሽ ሐዲስ፣ ለምን ተቀመጡ?»

«ልጄ… አንድ ነገር ሰማን። ነገሩ ይቅር ልንል ነው የመጣነው። ለልጁ ቤት ዘር ያስፈልጋል። ደግሞ ሰው ‹ወንድ ናት› እያለ…»

«የሰሙት ሆርሞን እርስዎም ጋ አለ፣ እናቴም ጋ አለ። የኔ ሰውነት ግን አልጎብጥለትም አለ፤ አልጎበጠም፣ ሴት ሆነ። ሁንዴ ይህን ሁሉ ያውቃል። ይደውሉለት!»

ጋሽ ሐዲስ ደወሉ፤ የስልኩ ድምፅ ለሁሉም እንዲሰማ ሆነ። ሁንዴ ከፋብሪካው ጫጫታ መሀል «አቤት» አለ። «ታውቅ ነበር?» ብለው ጠየቁት፤ «ምኑን?» አለ።

«አልነገርኩህም?» አለች ኢፍቱ።

«ነግረሽኛል… ግን እማዬ ‹ወንድ አገባ ይሉሃል› እያለች ታለቅሳለች። ምን ላድርግ?»

ኢፍቱ ትወደዋለች፤ ልቧ እዚያው ስብር አለ። እንባዋም ፊታቸው ወረደ፣ አልጠረገችውም። አንገቷን ግን አልደፋችም።

«መልስ ልትወስዱ ነው የመጣችሁት፤ መልሱ የኔ ነው። እምቢ ብያለሁ።»

«እኛ እኮ ትተነዋል» አሉ ጋሽ ሐዲስ።

«ደጄ መጥታችሁ ለምናችሁ፣ መልስ ሳትሰሙ ትተናል ማለት የለም!» ይህን ያለችው ዘርፉ ናት፤ ሰው ምን ይለኛል እያለች ስታለቅስ የከረመችው ዘርፉ! ተነስታ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተች። ሰፈሩ ሁሉ ደጅ ላይ ጆሮውን አቁሞ ቆሟል።

ጋሽ ሐዲስ በሩ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ። «እንግዲህ ለላኩን ሰዎች ምን እንበል?»

«ሴት ናት፤ እምቢ አለችን በሉ» አለች ኢፍቱ፣ ደጅ ያሉት እንዲሰሙ ጮክ ብላ።