ያልታጠፈችው ሰንጢ

ኅዳር 12 ቀን 1951 ዓ.ም.፣ አርብ ማታ። በስማዳ፣ ከወገዳ የግማሽ ቀን መንገድ በምትርቅ መንደር፣ አስማረ ቤት ውስጥ የጎረቤቱ የጣሰው ሰንጢ በመጥረቢያ ጀርባ ላይ ተጋድማለች። አዲሱ ሚስማር ገብቶላታል፤ ጫፉ ግን አልተቀጠቀጠም። የሚጨርሳት አስማረ ከወጣበት አልተመለሰም።

አስማረ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነበር። ገብስና ባቄላ የሚያርስ ገበሬ ይሁን እንጂ የተነቃነቀ ነገር ሲያይ እጁ አያርፍም። መንደርተኛው «ቀጥቃጭ» እያለ ያላግጥበታል፤ ሰንጢው ሲላላ ግን እሱው ዘንድ ይመጣል።

ታላቅ ወንድሙ ላቀው የባዩን ወንድም ገድሎ ቆላ ወርዶ ሲጠፋ፣ ደሙ አስማረ ላይ ወደቀ። ሽማግሌዎች ገብተው አስታረቁ። አስማረ በሚካኤል ደጅ ቆሞ ሦስት ዓመት ከራሱ ቤት አጥር ውጭ ስለት ላይዝ ማለ። ባዩም በሰው ፊት «ይዘህ ካየሁህ እርቁ የለም» አለው። ከዚያ ወዲህ ማጭድ እንኳ ይዞ አልወጣም፤ ጣሰው ያጭድለታል፣ እሱ ነዶ ይሸከማል። ኅዳር 12 ቀን ለመሐላው ማብቂያ የቀሩት አሥራ ዘጠኝ ቀኖች ነበሩ።

የሚካኤሉ መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ብርዕ የሚቀርጹባትን ሰንጢ እንዲያጠብቅላቸው የላኩለት በዚያው ሳምንት ነው። ቅዳሜ ሲነጋ ወደ ድጓው ትምህርት ቤት ወደ ቤተ ልሔም ሊሄዱ ነው፤ «ለአርብ ትድረስልኝ፣ እንዳትነቃነቅ» ብለዋል። አስማረ ሁልጊዜ ከስለቱና ከእጀታው መካከል ስስ የብራና ቁራጭ አስገብቶ ነው ሚስማር የሚመታ፤ ብራናው ሲወጣ ስለቱ መታጠፊያ ያገኛል። ሐሙስ ዕለት ግን እንዳትነቃነቅ ብሎ ያለ ብራና መታት። ሰንጢዋ እንደተዘረጋች ደረቀች፤ ብትገፋ አትታጠፍም። በኑግ ዘይት ሊያላላት ሲል ፀሐይ ጠለቀች፣ የሚካኤል በዓል ገባ። በበዓል መዶሻ አይነሳም።

«እኔ ላድርስልህ» አለችው ሚስቱ ይታይሽ፣ ሕፃኗን ታቅፋ።

«አንቺ አራስ፣ ሰማንያ ቀን ሳይሞላሽ ቤተ ክርስቲያን አጥር ድረስ?»

«እንግዲያው ትቅር! ብርዕ ቢጣመም ሰው አይሞት።»

«ቃል ሰጥቻለሁ፣ ይታይሽ። ጣሰውም ገና ከንግሥ አልተመለሰ።»

ሰው ከንግሥ እስኪመለስ ቢጠብቅም ጣሰው አልመጣ፤ ሰንጢዋን በጨርቅ ጠቅልሎ ወጣ። ሁሉም ወደ ቤቱ ሲወርድ እሱ ብቻ ሽቅብ ሄደ። ወንዙ ጋ ባዩ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እግሩን ይታጠባል። አስማረ ሲሻገር ጋቢውን ሰበሰበ። ስለቱ ጨርቁን በልቶ የጣት ጥፍር ያህል ወጥቶ ነበር።

ባዩ እግሩን ከውኃው አወጣ። «አስማረ፣ ሰንጢህ ፀሐይ ትሞቃለች እንዴ?»

«የየኔታ ናት። አድርሼ መመለሴ ነው።»

«ሂድ፣ አድርስ» አለ ባዩ፤ ፈገግም አለ። «መንገዱ ያው ነው፤ በዚሁ ነህ የምትመለስ።»

መሪጌታ ጎጇቸው ደጅ ተቀምጠው ነበር።

«ምነው ልጄ፣ እንደተመዘዘች?»

«እምቢ አለችኝ፣ የኔታ። አጥብቄያት ነው።»

መሪጌታ የአስማረን መሐላ ያን ጊዜ አስታወሱ። ፊታቸው ተለወጠ። «ማን አየህ?»

«ባዩ። ወንዙ ጋ።»

«እዚህ እደር። ጠዋት አብረን እንወርዳለን።»

«አራስ ብቻዋን ትቼ፣ የኔታ? ይፍቱኝና ልሂድ።»

ፈቱት፤ መስቀሉን ሁለት ጊዜ አሳለሙት። ከዚያም ስለቱን በአውራ ጣታቸው ግራና ቀኝ ገፉት። አልተነቃነቀም። ብርዖቻቸው አጠገብ አኖሯት። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነበር፤ አስማረ በተቀጠረባት ቀን ሰንጢዋን አድርሶ ባዶ እጁን ባዩን ወዳገኘበት ወንዝ ቁልቁለቱን ጀመረ።