እጥፋት የዋጣት የሐይቅ ዳር

ጧ፣ ጧ፣ ጧ። የድንኳን ካስማ እርጥብ አፈር ውስጥ ሲገባ የሚያሰማው ድምፅ ነው። ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ እንኳ የሆነ ቦታ መዶሻ ሲመታ ከሰማሁ እትዬ ትታየኛለች፤ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ፣ እርሳሷን ፀጉሯ ላይ ሰክታ፣ «ወደ ግራ! ኧረ ወደ ግራ በል፣ አንተ ሰውዬ!» እያለች ባሏን ስታዝ።

እትዬ ታላቅ እኅቴ ናት። በመሬት ቢሮ የካርታ ክፍል ያረጁ ካርታዎችን በስስ ወረቀት ላይ እየገለበጠች ሃያ ዓመት ሠርታለች። እጇ ስለማይንቀጠቀጥ የቢሮው ሰው ሁሉ «ወይዘሮ መስመር» ይላት ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ አንድም መስመር ስታ አታውቅም ይባላል፤ እሷም ይህን ስም እንደ ዓይኗ ብሌን ትጠብቀው ነበር። እኔ እዚያው ቢሮ ታች ፎቅ የጽሕፈት መኪና እመታ ነበር።

በዘመኑ በቢሮው በር ላይ አንድ ሰሌዳ ተሰቅሎ ነበር፤ የሕዝብ መሬት ሆነው ማንም ሰው ድንኳን ተክሎ በነጻ ሊያድርባቸው የሚችል ቦታዎች የተዘረዘሩበት። ግማሾቹን ያገኘችው እትዬ ናት። ካርታ ስትገለብጥ በእርሻና በእርሻ መካከል የቀረች፣ የማንም ያልሆነች ቁራሽ መሬት ካየች ዓይኗ ይበራል፤ ዓርብ ከሥራ በኋላ ባሏን፣ እኔንና ድንኳኑን በአሮጌዋ መኪና ጭና እብስ ነው። ባሏ መካኒክ ነው፤ ቀልድ አያልቅበትም። «ያገባሁት ሴት መስሎኝ ነበር፤ ለካ ካርታ ኖሯል። ያውም ታጠፊ ቢሏት እሺ የማትል!» ይላል።

ከሁሉ አብልጠን የምንወደው አንድ የሐይቅ ዳር ነበር፤ በውሃውና በአንድ ሰፊ እርሻ መካከል እንደ መቀነት የተዘረጋ ቀጭን የሣር መሬት። አንድ ዓርብ ስንደርስ መግቢያው ላይ ሰንሰለት ተወጥሮ ጠበቀን። የእርሻው ባለቤት ከወዲያ ማዶ ቆሟል።

«መንገድ ጠፋችሁ እንዴ?»

«መንገዱስ አልጠፋንም» አለችው እትዬ። «ቦታ የጠፋው ሰንሰለቱ ነው። ይህ የሕዝብ መሬት ነው።»

ሰውዬው ፈገግ ብሎ ከኪሱ ወረቀት አወጣ። «እርሻዬ እስከ ውሃው ድረስ ነው። ሰኞ የአጥር ፈቃዴ ይፈረምልኛል። ካርታው የመሬት ቢሮ ነው፤ ፊርማውን ይመልከቱታ፣ እመቤቴ!»

እትዬ ተመለከተች። ፊርማው የራሷ ነበር።

በማግስቱ ቅዳሜ፣ ቢሮው እስከ ቀትር ክፍት ስለነበር፣ ዋናውን አሮጌ ካርታ ከመዝገብ ቤት አውጥታ ከሥሩ መብራት ባለው የመስታወት ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። እኔ አጠገቧ ቆሜ ነበር። የድሮው ነዳፊ የወሰኑን መስመር በነጠብጣብ ነበር የሳለው፤ ወረቀቱ ደግሞ ልክ በነጠብጣቦቹ ላይ ታጥፎ ዘመናት ኖሯል።

«እጥፋት መስሎኝ!» አለች፣ እጇን ራሷ ላይ ጭና። «የወረቀቱ መላላጥ መስሎኝ ዘለልኩት እኮ!»

ያቺ አንዲት የዘለለቻት መስመር ሐይቃችንን ለሰውዬው ሰጥታዋለች። እሷ ከገለበጠችው ወዲህ እጥፋቱ ተቀዶ ከነጠብጣቦቹ የቀሩት ስድስት ብቻ ናቸው። በእነሱ ብቻ ማን ያምናታል? ነገር ግን ከመስመሩ ጫፍ ላይ አንዲት ትንሽ አራት ማዕዘን ተሥላ ነበር፤ የወሰን ድንጋይ ቁጥር አሥራ ሰባት። እሷ ከተገኘች ክርክሩ አበቃ።

እሑድ ጠዋት ሦስታችንም በውሃው ዳር ዳር ገባን። እትዬ ካርታው ላይ ከተመለከተው የድልድይ ምሰሶ ጀምራ በገመድ ትለካለች፤ እኔ ቁጥሩን ጮክ ብዬ እጠራለሁ፤ ባሏ ቁጥቋጦውን ይመነጥራል። አንዴ «አገኘሁ!» ብዬ ጮኼ የተገለበጠ ባልዲ ሆኖ ተገኘ። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ወጣች፤ ድንጋዩ የውሃ ሽታ ሆነ። በመጨረሻ ባሏ ደከመውና ሣር የወረሰው ጉብታ ላይ ተቀምጦ ዳቦውን መግመጥ ጀመረ።

እትዬ ገመዱን ስባ ስባ እሱ እግር ሥር ስትደርስ ቆመች።

«ተነሣ!»

«ምነው፣ ለአንድ ዳቦ እንኳ…»

«ተነሣ አልኩህ! ወሰኑ ላይ ተቀምጠሃል!»

ባሏ እንደ ተነከሰ ሰው ዘለለ። ሣሩን በጥፍራችን ነጨነው። ድንጋይ! የተጠረበ ድንጋይ! እትዬ ወረቀት ለጥፋበት በእርሳሷ ጎን ስትፈትግ የቢሮው ምልክትና አሥራ ሰባት ቁጥር ብቅ አሉ። ተቃቅፈን እንደ ሕፃን ዘለልን፤ ባሏም ዳቦው ከእጁ ወድቆ፣ «ሳልለካ ያገኘሁት እኔ ነኝ! በመቀመጫዬ!» እያለ ይጮኻል።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ባሏ ቀስ ብሎ፣ «ስለ ስሕተቱ ዝም ብትይስ? ድንጋዩ ራሱ ይናገር» አላት።

«ካርታውን ማን አበላሸው ሲባል ድንጋዩ ምን ይላል?» አለች።

ሰኞ የእርሻው ባለቤት ፈቃዱን ሊያስፈርም በመጣ ጊዜ በቢሮው ኃላፊ ክፍል የቃለ ጉባኤ ጸሐፊዋ እኔ ነበርኩ። ኃላፊው አሮጌውን ካርታ፣ አዲሱንና ከድንጋዩ የተወሰደውን ወረቀት ጎን ለጎን አደረጉ።

«አዲሱን ማነው የገለበጠው?»

እትዬ ተነሣች። «እኔ ነኝ። ፊርማው የእኔ ነው፤ መስመሩ ግን ጠፍቷል። እጥፋት መስሎኝ ነው የዘለልኩት።»

ጣቶቼ ፊደሉን አጡ። ኃላፊው መነጽራቸውን አውልቀው፣ «አጥሩ አይፈቀድም። የሐይቁ ዳር እንደ ቀድሞው የሕዝብ ነው። ስሕተቱ ግን በእርስዎ ስም ይመዘገባል፣ ወይዘሮ» አሉ።

«ይመዝገብ» አለች፤ እርሳሷን ከፀጉሯ ነቅላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

የእርሻው ባለቤት መራራ ሳቅ ሳቀ። «ቆይ፣ በዚህ ዓይነት ሌላ ስንት መስመር ዘለዋል? የታጠፈ ካርታ ይሄ ብቻ ነው እንዴ?»

እትዬ የተመታች ያህል ደነገጠች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ በልቧ ትቆጥር ነበር። ከዚያ ፊቷ ቀስ በቀስ ሲፈካ ባየሁ ጊዜ ምን እንደ መጣላት ገባኝ፤ ከሳቅ ለመዳን አፌን ያዝኩ።

«አሥራ አራት» አለች። «አሥራ አራት የታጠፉ ካርታዎች ገልብጫለሁ። በእያንዳንዱ እጥፋት ሥር ደግሞ የማንም ያልሆነች ቁራሽ መሬት…»

ኃላፊው፣ «እንግዲህ ወይዘሮ፣ ሥርዓቱን ጠብቀን በደብዳቤ…» እያሉ ነበር። እትዬ ግን እርሳሷን ከጠረጴዛው ላይ አፈፍ አድርጋ፣ እጅ ሳትነሣ፣ ደኅና ዋሉ እንኳ ሳትል፣ ወደ መዝገብ ቤቱ እየሮጠች ከክፍሉ ወጣች።