አባ የሸጡት ሩዝ

ሥራዬ ማማከር ነው። ብር ይዳከም ይሆን፣ ኑሮ ይወደድ ይሆን እያልኩ አደጋውን አስቀድሜ ለባለሥልጣናት አሳያለሁ። ሲሰሙት ትልቅ ነገር ይመስላል፤ እኔም እንዲመስል እፈልግ ነበር።

በዚያ ዓመት ሪፖርቴ ላይ «ብር የመዳከሙ አደጋ ከፍተኛ ነው» ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ አንብቦ ፊቱን አጨማደደ።

«ይህንን ለበላዮቻችን በየትኛው አፌ ላቅርበው?»

ሳልከራከር «አደጋው በቁጥጥር ሥር ነው» ብዬ ቀየርኩት። ፈሪ ነኝ፤ ያን ቀን ግን ብልህነት መሰለኝ።

ታኅሣሥ ላይ ወረታ ሄድኩ። የቁሐር ሚካኤል ቄስ የሆኑት አጎቴ ሩዛቸውን ወቅተው ጎተራ ሊያስገቡ ነው። አንዱ የእርሻ በሬያቸው ሞቶባቸው ነበር። በእኛ አገር ብር አይከርምም፤ የሚከርመው እህልና ከብት ነው። እሳቸውም እንደ ልማዳቸው ሩዙን አቆይተው፣ ግንቦት ላይ ሸጠው በሬ ሊገዙ አስበዋል።

«አንተስ ምን ትላለህ ልጄ?» አሉኝ።

«አሁኑኑ ይሽጡት አባ። ዋጋ ይረጋጋል፤ በሬውም ኋላ ይረክሳል።»

«አደጋው ከፍተኛ ነው» ያልኩበት የመጀመሪያው ሪፖርት ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። የማላምንበትን ነገር ቢሮ ውስጥ ደጋግሜ ከማለቴ ብዛት አፌ ለምዶታል።

«የተማረ ይግደለኝ ይባል የለ!» ብለው ሳቁ። በሳምንቱ ሩዙን ወረታ ገበያ አወጡት።

ብር ተዳከመ። ሩዙም በሬውም ዋጋቸው አልቀመስ አለ። አጎቴ ያስቀመጡት ገንዘብ ወይፈን እንኳ የማይገዛ ሆነ።

ሰኔ ላይ ስመለስ አንድ በሬያቸውን ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅተው፣ ተራ እየጠበቁ ያርሳሉ። ሜዳው ውሃ መያዝ ጀምሯል፤ ማሳቸው ግን እኩሌታው አልታረሰም። አፈርኩ፤ ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰው መስቀል ሊሳለም እንደከበባቸው፣ ባለ በሬው ጎረቤት ጠየቃቸው።

«አባ፣ አንቱ ሩዝ በታኅሣሥ ሸጠው አያውቁም። ማን መከረዎት?»

ወደ እኔ ዞር አላሉም።

«ማንም። እኔው ቸኩዬ ነው።»

መስቀል በእጃቸው ይዘው ለእኔ ሲሉ ዋሹ። «እኔ ነኝ የመከርኳቸው» ማለት ነበረብኝ።

«በስተርጅና ደግሞ ምን ችኮላ ነው!» አለ ጎረቤቱ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።