ሀጂራ ያልፈረመችበት ገጽ

ዙሪክ ውስጥ አንድ ጠባብ ክፍል ነው። አስተርጓሚው አቶ መልአኩ የጥገኝነት ቃሏን መልሰው ያነቡላታል፤ ከዲቲኮን ከተማ በባቡር የመጣችው ሀጂራም በየገጹ ግርጌ ትፈርማለች። ሰባተኛው ገጽ ላይ እጇ ቀጥ አለ።

«ምን ይላል?»

«‹ቀይ ባሕር ላይ የጦር ሄሊኮፕተር ደርሶ አዳነን› ነዋ።»

ደሟ ፈላ። ያን ቀን ከጦር መርከብ የተነሳ አውሮፕላን ተመትቶ ከሁለት አብራሪዎቹ ጋር አጠገባቸው ባሕሩ ላይ ሲወድቅ፣ ጀልባቸው አርባ ስደተኛ ጭና እስከ አፍ ገደፏ ሞልታ ነበር። ባለጀልባው «አትንኳቸው፣ እንሰጥማለን!» እያለ ሲጮኽ፣ ሀጂራ ወንድ ፊት አውልቃው የማታውቀውን ሂጃቧን ፈትታ ለአብራሪዎቹ ወረወረችላቸው። ሁለቱንም በእሱ ጎትተው አወጧቸው። ጀልባዋ ውሃ ማስገባት ጀመረች፤ በእጃቸው እየዛቁ ዋሉ። ሄሊኮፕተሩ ሲመጣ ሁለቱን ብቻ አንጠልጥሎ ሄደ። የአንደኛው የተሰበረ ክንድ የታሰረበት ሂጃቧም አብሮ ሄደ።

«ፈርሚ እንጂ ልጄ፣ የጄኔቭ ባቡር ሊያመልጠኝ ነው» አሉ አቶ መልአኩ። «ማን ማንን አዳነ ቢባል አሁን ምን ይለውጣል?»

ሀጂራ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ያርሙልኝ ጋሼ። እኛን ማንም አላዳነንም። እኛ ነን ያዳንናቸው።»